ተሰርቆ የተገኘ የመስክ መኪናን በራስ እጅ መጠገን፦ ዝርዝር መመሪያ

ተሰርቆ የተገኘ መኪና ከተጋጨ መኪና የሚለየው ጉዳቱን ስለሚደብቅ ነው። የተጋጨው የተጨማደደበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል፤ ተሰርቆ የተመለሰው ግን ማን እንደነዳው፣ የትኛው ውሃ ውስጥ እንደገባ፣ ምን እንደተፈታበትና በምን አሮጌ ዕቃ እንደተተካ የሚናገርለት የለም። ይህን ሥራ ጀምረው መሃል ላይ ያቋረጡ ሰዎች አብዛኞቹ የተሸነፉት በሙያ ማነስ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው፤ መኪናው ግቢ እንደገባ ባትሪ አስረው ያስነሱታል፣ ወይም ሻንሲው ቀጥ ማለቱን ሳያረጋግጡ ወንበርና መብራት መግዛት ይጀምራሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይሥሩ፤ አንዱን ዘልለው ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

መመሪያው የተዘጋጀው ቦዲው በሻንሲ ላይ ለታሰረና አራቱንም ጎማ ለሚያሽከረክር መኪና ነው። ከዚህ በታች የተሰጡ አኃዞች ለአብዛኞቹ የሚሠሩ ናቸው፤ የመኪናዎ የጥገና መጽሐፍ የተለየ ቁጥር ከሰጠ ግን የመጽሐፉን ይከተሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚዘጋጁ ዕቃዎች

የመኪናውን ዓመተ ምርትና ሞዴል በትክክል የሚመለከት የጥገና መጽሐፍ ከሽቦ ሥዕሉ ጋር ያግኙ። ያለ ሽቦ ሥዕል ይህን ሥራ አይጀምሩ። ከተለመዱት መፍቻዎች በተጨማሪ መልቲሜትር፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ በኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው ኮምፒውተር በሚመረመርበት መሰኪያ) የሚሰካ የስህተት ማንበቢያ፣ ቱምቢ፣ የመኪናውን ክብደት የሚችሉ 4 ካቫሌቶዎች (የብረት መደገፊያዎች)፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ የአፍ ጭምብል፣ የእጅ ባትሪ፣ ረጅም መቆንጠጫና የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ያስፈልግዎታል። ከእነዚህ በላይ የሚጠቅምዎ አንድ ተራ ነገር አለ፤ እርሱም ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ከሁለት ሽቦዎች ጋር ነው። ጥቅሙ በደረጃ 6 ይገለጻል።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ይጨርሱ

አንድ ብሎን ከመፍታትዎ በፊት መኪናው በሕግ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ኢንሹራንስ ካሳ ከፍሎ ከሆነ በአብዛኛው የመኪናው ባለቤትነት ወደ እርሱ ተላልፏል፤ በጽሑፍ እስኪመለስልዎ ወይም እስኪሸጥልዎ ድረስ የሚያወጡት ገንዘብ በሰው ንብረት ላይ የሚወጣ ነው።

1. ከፖሊስ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይቀበሉ። የጣት አሻራና ሌላ ማስረጃ የመሰብሰቡ ሥራ ማለቁንም ይጠይቁ። ካላለቀ አያጥቡት፣ በሩንም ደጋግመው አይክፈቱ።

2. መኪናው ከተሰረቁ ተሽከርካሪዎች መዝገብ መሰረዙን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ይህን የረሳ ሰው በገዛ መኪናው መንገድ ላይ እንደ ሌባ ይቆማል።

3. የሻንሲ ቁጥሩን በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ያነጻጽሩ፤ በሻንሲው ብረት ላይ የተመታውን፣ በዳሽቦርዱ ወይም በሞተር ክፍሉ ያለውን ሰሌዳ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ተለጣፊና ሊብሬውን። ዓለም አቀፉ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ሲኖሩት አይ፣ ኦ እና ኪዩ የተባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገኙም፤ ከእነዚህ አንዱን ካዩ የተጭበረበረ ቁጥር እያዩ ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ግን አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ስላላቸው ማጠሩ ብቻውን አያስደንግጥዎ።

ችግር ከገጠመ፦ ቁጥሩ ተፍቆ፣ ዙሪያው ተበይዶ ወይም ሰሌዳው ባልተለመደ ሪቬት ታስሮ ከሆነ ሥራውን ያቁሙና ለፖሊስ ያሳውቁ። በራስዎ እጅ ቁጥር ለማስተካከል መሞከር ከተበዳይነት ወደ ተከሳሽነት ይወስድዎታል።

ደረጃ 2፦ ሳይነኩ ይመዝግቡ

በቀን ብርሃን መኪናውን ከአራቱም ጎን፣ ከታች፣ ከሞተር ክፍሉና ከውስጥ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፤ የጠፋ፣ የተሰበረ እና የእኔ ያልሆነ። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙዎች አያስቡትም፤ ሆኖም ሌቦች ጥሩውን ዕቃ ወስደው ያረጀ ጎማ፣ የሞተ ባትሪ ወይም ከሌላ መኪና የተነቀለ ኮምፒውተር ያስገባሉ። በሲጋራ ማቀጣጠያው ወይም በኦቢዲ ሶኬቱ ላይ የማያውቁት መሣሪያ ተሰክቶ ካገኙ የምልክት ማፈኛ ወይም የመከታተያ መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ለመርማሪው ያስረክቡ።

ደረጃ 3፦ ውስጡን ከአደጋ ነጻ ያድርጉ

1. ጓንትና ጭምብል ያድርጉ። በወንበር ሥር፣ በወንበር መሃል ክፍተት፣ በበር ኪስና በአመድ መያዣ ውስጥ እጅዎን በጭፍን አያስገቡ። መርፌ ሊኖር ይችላል። በእጅ ባትሪ እያዩ በመቆንጠጫ ያውጡ፤ ስለታም ነገሮችን በማይበሳ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያድርጉ።

2. መሣሪያ ወይም አጠራጣሪ ዱቄት ካገኙ አይንኩት። ፖሊስ ይጥሩ።

3. የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱና ከባትሪው አርቀው በጨርቅ ይጠቅልሉት። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የኤርባጉ ኮምፒውተር ኃይል አጠራቅሞ ስለሚይዝ ባትሪው መፈታቱ ወዲያው አያጠፋውም።

4. ወንበሮቹን፣ ምንጣፉንና ከምንጣፉ ሥር ያለውን ስፖንጅ ያውጡ። መስኮቱ ተሰብሮ ዝናብ ካገኘው ላዩ ደርቆ ከሥር ውሃ ያዘለ ስፖንጅ ያገኛሉ። በብዙ መኪናዎች ዋናው የሽቦ ጥቅል የሚያልፈው በዚያው ነው፤ አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩንም ከወንበር ሥር ወይም ከእግር መርገጫው አጠገብ ያስቀምጣሉ።

5. የጣት አሻራ ዱቄቱን መጀመሪያ ቫኩም በሚስብ መሣሪያ ይጥረጉ፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርሰው ይጥረጉ። በደረቅ ጨርቅ ካሹት ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ በኋላ አይለቅም።

ደረጃ 4፦ ሻንሲውን ይለኩ፣ ከዚያ ይወስኑ

ይህ ደረጃ ገንዘብ የሚያድን ደረጃ ነው። የሚፈጀው ግማሽ ቀን ቢሆን ነው፤ ሆኖም ወደፊት መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰነው እዚህ ነው።

መኪናውን በደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙ፣ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ፤ ከዚያ በክሪክ አንስተው በካቫሌቶ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ፤ ለመስክ የሚያገለግለው ረጅሙ ባለ ጥርስ ክሪክ ደግሞ ለጥገና ጨርሶ አይሆንም፣ በጎን ይወድቃል።

በሻንሲው ግራና ቀኝ የሚመሳሰሉ ቀዳዳዎችን ወይም ቡሎኖችን ይምረጡ፤ ቢያንስ 4 ጥንድ። ከእያንዳንዱ ቱምቢ ወደ ወለሉ ይጣሉና ነጥቡን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። መኪናውን ሳይነኩ በወለሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች በሰያፍ ይለኩ፤ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ ያለው ርቀት ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ እንደገና ይለኩ። አሁንም ካለፈ ሻንሲው ተጣሟል፤ ማቃናቱ የመለኪያ አግዳሚ ያለው ጋራዥ ሥራ ነው እንጂ የግቢ ሥራ አይደለም። ሻንሲን በእሳት አግለው ለማቃናት አይሞክሩ፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል።

ቀጥሎ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ይለኩ። ሻንሲው ደህና ሆኖ ይህ ርቀት ከተለያየ የባልስትራው መሃል ቡሎን ተቆርጧል፣ ወይም አክሱሉን የሚይዘው ክንድ ተጣሟል ማለት ነው። በመጨረሻም የአክሱሉን ቤት፣ የመሪ ዘንጎቹንና አሞርዛተሮቹን በዓይን ይመርምሩ። ሌባ መኪናን የሚነዳው ምንም ሳይሳሳለት ነው፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ በፍጥነት የተዘለለበት መኪና የፊት አክሱሉ ይጎብጣል።

ከዚህ በኋላ የሦስቱን ዓምዶች ዋጋ ይደምሩ፣ ላልታየው ጉዳት ከድምሩ አንድ ሦስተኛ ይጨምሩ። ውጤቱ ከዚያው ዓይነት ደህና መኪና ዋጋ ከግማሽ በላይ ከሆነ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ደረጃ 5፦ የመሪው ዘንግና ኳድሮው (ቁልፍ የሚገባበት ማስነሻ)

በጉልበት የተሰረቀ መኪና ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እዚህ ነው። ሌባው የመሪውን ሽፋን ሰብሮ፣ የቁልፍ ሲሊንደሩን አውጥቶ፣ መሪውን በኃይል በማዞር መቆለፊያውን ይሰብራል።

1. መሪውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የፊት ጎማዎቹም ቀጥ ይበሉ። ኤርባግ ካለው መሪውን ሲያወጡ ከሥሩ ያለው ጥምዝ የሽቦ ካሴት እንዳይዞር በፕላስተር ያስሩት፤ ያለ ቦታው ከዞረ መሪውን ሲያጠማዝዙ ይበጠሳል።

2. የተፈታውን ኤርባግ የሽፋኑ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ራቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡ። በኤርባግ ሽቦ ላይ የመልቲሜትር የኦህም መለኪያ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ከመለኪያው የሚወጣው ትንሽ ኮሬንቲ ሊያፈነዳው ይችላል። የኤርባግ ሶኬቶች በአብዛኛው ቢጫ ናቸው።

3. የመቆለፊያው ቤት የታሰረው ሲጠብቅ ጭንቅላቱ በሚቆረጥ ቡሎን ነው። በማእከሉ ነጥብ ምልክት መትተው በመሰርሰሪያ ይብሱትና በግራ ጥርስ ማውጫ ያውጡት። በመዶሻ አይምቱ። የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ምቱ ሳይታወቅዎት ያሳጥረዋል።

4. ዘንጉን ይዘው ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ይነቅንቁት። ከተንቀጠቀጠ፣ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ከከበደ ወይም የፕላስቲክ ፒኖቹ ተቆርጠው ካዩ ይለውጡት። ተጣሞ የተቃና የመሪ ዘንግ ለመንገድ አይበቃም።

5. አዲሱን ቤት ሲያስሩ የቡሎኑን ጭንቅላት ወዲያው አይቁረጡ። ቁልፉ አሥር ጊዜ ያለ ችግር መቆለፍና መክፈቱን ካዩ በኋላ ብቻ ያጥብቁት።

ኳድሮውን ሲለውጡ የበሮቹንና የነዳጅ ክዳኑን ሲሊንደሮችም አብረው ይለውጡ። የጠፋ ቁልፍ ካለ በኢሞቢላይዘሩ (ያልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ በሚከለክለው መሣሪያ) ላይ የተመዘገቡት ቁልፎች ሁሉ ተሰርዘው በእጅዎ ያሉት ብቻ እንደ አዲስ ይመዝገቡ። በመኪናው ውስጥ የቤትዎ ቁልፍ ወይም አድራሻዎ ያለበት ወረቀት ከነበረ ደግሞ ይህን መመሪያ ማንበብ አቁመው መጀመሪያ የቤትዎን ቁልፍ ያስለውጡ።

ደረጃ 6፦ ሽቦዎቹ

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ስለሆነ በዝግታ ይሥሩ።

የተቆረጠውን ይፈልጉ

የሽቦ ሥዕሉን ከፊትዎ ዘርግተው እያንዳንዱን ሶኬት ይክፈቱ። ቢያንስ አራት ቦታ ይመልከቱ፦ ከመሪው ሥር፣ ከሬዲዮው ጀርባ፣ ከኮምፒውተሩ ሶኬት አጠገብና ከፊት መብራቶቹ ኋላ። የመጨረሻውን ቦታ አይናቁት። በአዳዲስ መኪናዎች ሌቦች የፓራፋንጎውን ሽፋን ገልጠው በመብራቱ ሽቦ በኩል ወደ መኪናው የመገናኛ መስመር ይገባሉ። በአንድ መኪና ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን ስጠራጠር ቆይቼ ችግሩን ያገኘሁት ከግራው መብራት ጀርባ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተልጠው፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለው፣ ከፕላስተሩ ሥር አረንጓዴ ዝገት አብቅለው ነበር።

የተቆረጠውን ይቀጥሉ

1. የዛገውን ጫፍ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡ። ካጠረ ውፍረቱ ተመሳሳይ በሆነ ሽቦ ያርዝሙት።

2. በመጨምደጃ ማያያዣ ያገናኙና ውስጡ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑት። በጣት ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለመስክ መኪና አይሆንም፤ ንዝረትና ውሃ በወራት ውስጥ ያላቅቁታል።

3. ብዙ ሽቦዎች አንድ ቦታ ላይ ተቆርጠው ከሆነ መገጣጠሚያዎቹን ከፍና ዝቅ ያድርጓቸው። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ካረፉ ጥቅሉ ያብጣል፣ እርስ በርስም ይፋተጋሉ።

4. እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ካዩ የካን መስመር (የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙበት) ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሽቦ ሥዕሉ ያረጋግጡ። ከቀጠሏቸው በኋላ ጠምዛዛነታቸውን ይመልሱ፤ የተፈታው ርዝመት ከጥቂት ሴንቲሜትር አይብለጥ።

የካን መስመሩን ይለኩ

ባትሪው እንደተፈታ የመልቲሜትሩን ጫፎች በኦቢዲ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ ላይ ያድርጉ። 60 ኦህም አካባቢ ከሰጠ መስመሩ ደህና ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ባለ 120 ኦህም መዝጊያዎች ሁለቱም አሉ ማለት ነው። 120 ከሰጠ ከሁለቱ አንዱ ተቋርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። አንዳንድ መኪናዎች በዚህ ሶኬትና በውስጡ መስመር መካከል ሌላ ኮምፒውተር ስላላቸው ከሽቦ ሥዕሉ ጋር ያስተያዩ። አሮጌ መኪና ካን ላይኖረው ይችላል፤ ይለፉት።

ባትሪውን በአምፖል በኩል ያገናኙ

ፊውዞቹን ሁሉ ይንቀሉ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ይሰሩ፤ ኔጌቲቩን ግን በቀጥታ አይሰሩ፤ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል ባለ 21 ዋቱን አምፖል ያስገቡ። አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራ የሆነ ቦታ ላይ ፖዘቲቩ ከማሳ (ከኔጌቲቩ ጋር ከተያያዘው የመኪናው ብረት) ጋር ተነካክቷል፤ አምፖሉ ግን ኮሬንቲውን ስለሚገድብ ሽቦው አይቃጠልም። ካልበራ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይመልሱ። አንዱን ሲሰኩ አምፖሉ በኃይል ከበራ ያንን መስመር በሥዕሉ ተከትለው ይፈልጉ። ደብዘዝ ያለ ብርሃን የሰዓትና የሬዲዮ ፍጆታ ስለሆነ አያሳስብም።

ሁሉም ከተመለሰ በኋላ አምፖሉን አውጥተው ገመዱን በቀጥታ ይሰሩ። በሮቹን ዘግተው 40 ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላ የሚፈሰውን ኮሬንቲ ይለኩ፤ ከ50 ሚሊአምፔር በታች መሆን አለበት።

ችግር ከገጠመ፦ ኮምፒውተሩ ተሰርቆ ከሆነ ከሌላ መኪና የወጣ ኮምፒውተር ብቻውን አይሠራም፣ ከራሱ ኢሞቢላይዘር ጋር የተሳሰረ ነውና። ኮምፒውተሩን፣ ኢሞቢላይዘሩንና ቁልፉን በአንድነት ይግዙ፣ ወይም ፕሮግራም የሚያደርግ ባለሙያ አስቀድመው ያግኙ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ የመጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ይህን ለመስጠት ያንገራገረ ሻጭ እንደ እርስዎ ካለ ሰው መኪና የተነቀለ እየሸጠልዎ ሊሆን ይችላል። ኤርባግና የደህንነት ቀበቶ ግን ያገለገለ አይግዙ።

ደረጃ 7፦ ሞተሩን ሳያስነሱ ይመርምሩ

1. የዘይት መለኪያውን ያውጡ። ቡና በወተት የመሰለ ዘይት ካዩ ውሃ ገብቶበታል። ዘይቱን ጥርት ባለ ዕቃ ውስጥ ያፍስሱና በማግኔት ያማስሉት፤ የብረት ቅንጣት ከተያዘ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

2. የአየር ማጣሪያውን ይክፈቱ። ከደረቀ ጭቃ ጋር የውሃ መስመር ካለበት ሞተሩ ውሃ ስቧል ብለው ይጠርጥሩ።

3. ነዳጁን በጥንቃቄ ይቅዱና ያሽቱ። ናፍጣ በሚጠቀም መኪና ውስጥ ቤንዚን መግባቱ፣ ወይም የተገላቢጦሹ፣ የተለመደ ነው። ከተጠራጠሩ ሰርባቶዮውን ሙሉ በሙሉ ባዶ ያድርጉና የነዳጅ ማጣሪያውን ይለውጡ። ይህን ከቤት ውጭ፣ ባትሪው ተፈትቶ ይሥሩ።

4. ካንዴላዎቹን፣ ናፍጣ ከሆነ ካንዴሌታዎቹን ይፍቱ። በክራንኩ ቡሎን ላይ መፍቻ አስገብተው ሞተሩን በተለመደው አቅጣጫ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። ከቀዳዳው ውሃ ከተረጨ ቀሪው እስኪወጣ ይቀጥሉና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ትንሽ ዘይት ያንጠባጥቡ። አንድ ቦታ ላይ ከገተረ አያስገድዱት፤ የሲንክሮ ቀበቶው ዘልሎ ወይም የሆነ ነገር ወድቆ ሊሆን ይችላል።

5. ኮምፕሬሽን ይለኩ። የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ባር፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከ20 ባር በላይ ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰና ውሃ ገብቶበት ከነበረ የፒስተኑ ክንድ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። የጎበጠ ክንድ ዛሬ ቢሠራ ነገ ብሎኩን ሰብሮ ይወጣል፤ ሞተሩን ይክፈቱ።

ደረጃ 8፦ ካምቢዮ፣ ትራንስፈርና ዲፈረንሻል

በካምቢዮው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች በሚያካፍለው ትራንስፈርና በዲፈረንሻሎቹ ላይ ከመውረጃው ብሎን በፊት የመሙያውን ይፍቱ። መውረጃውን አስቀድሞ ከፍቶ ዘይቱን ያፈሰሰ ሰው የመሙያው ብሎን ዝጎ አልፈታ ቢለው ያለ ዘይት የቆመ ዲፈረንሻል ታቅፎ ይቀራል።

ዘይቱ ነጣ ያለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። የሞቀ አክሱል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በተዘጋ መተንፈሻ ምክንያት ውሃውን በዘይት መያዣ ጎማዎቹ በኩል ይስባል። አዲስ ዘይት ሞልተው የመኪናውን ጎማዎች በእጅ እያዞሩ ያዳርሱት፣ ያፍስሱት፣ እንደገና ይሙሉ። ከጥቂት ኪሎሜትሮች በኋላ አሁንም ከነጣ አንድ ጊዜ ይድገሙት። መተንፈሻውን ሳያጸዱ ዘይት መለዋወጥ ግን ዋጋ የለውም።

ትራስሚሲዮኖቹን (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሎቹ የሚያደርሱትን ረጃጅም ዘንጎች) ከመፍታትዎ በፊት በሁለቱም ጫፍ ምልክት ያድርጉ፤ ባሉበት አቅጣጫ ካልተመለሱ ይንቀጠቀጣሉ። ክሮቸራዎቹን (በዘንጎቹ ጫፍ ያሉትን መስቀለኛ መገጣጠሚያዎች) በእጅ ነቅንቀው ክፍተት ካላቸው ይለውጡ። ሁሉንም ቡሎኖች ደግሞ በመለኪያ መፍቻ ይፈትሹ። መኪናው ለመጎተት ሲባል ትራስሚሲዮኑ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ መኪና ላይ የኋላው ትራስሚሲዮን አራቱም ዳዶዎች በጣት የሚዞሩ ሆነው አግኝቻለሁ።

ደረጃ 9፦ ፍሬንና ጎማ

ጎማው የተሰረቀበት መኪና በአብዛኛው በዲስኩ ላይ ወድቋል። ዲስኩን እያዞሩ ሲወዛወዝ ይመልከቱ፣ የጎማ ቡሎኖቹ ጥርስ አለመበላቱን ዳዶ በእጅ ብቻ እያስገቡ ያረጋግጡ። ከጎማው ኋላ ያሉት የፍሬን ቱቦዎችና የኤቢኤስ ሽቦዎች ተስበው ከሆነ ይለውጡ።

የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይለውጡ። አየሩን ሲያወጡ መጽሐፉ ሌላ ካላለ ከዋናው ፓምፕ በጣም ከራቀው ጎማ ይጀምሩ። ሲጨርሱ ፔዳሉን በኃይል ረግጠው አንድ ደቂቃ ይያዙ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም በዋናው ፓምፕ ውስጥ ያለው ዘይት መያዣ ጎማ ተበልቷል።

አራቱም ጎማዎች አንድ መጠንና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው። ዙሪያቸው የተለያየ ጎማ አራቱም ሲያሽከረክሩ ትራንስፈሩን ይበላዋል።

ደረጃ 10፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስነሳት

መኪናውን ከቤት አውጥተው ያቁሙ። እሳት ማጥፊያውን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ይኑር።

1. አዲስ ዘይት፣ አዲስ የዘይት ማጣሪያና የራዲያተር ውሃ ከፀረ ዝገቱ ጋር ይሙሉ።

2. ነዳጁን ያቋርጡ፤ በቤንዚን የፖምፑን ሪሌ፣ በናፍጣ የማቋረጫውን ሶኬት ይንቀሉ። ከዚያ ሞተሪኖውን ለ10 ሴኮንድ ያዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይደጋግሙ። ከአምስት ዙር በኋላ ካልጠፋ ያቁሙ፤ የዘይት ፖምፑ ወይም የመብራቱ ሴንሰር ይመርመር።

3. ነዳጁን መልሰው ያስነሱ። ጋዝ አይስጡ። የመጀመሪያው 10 ሴኮንድ ጆሮዎን ለብረት ድምፅ፣ ዓይንዎን ለዘይት መብራቱ ይስጡ። መብራቱ ካልጠፋ ወይም የሚደበደብ ድምፅ ከሰሙ ወዲያው ያጥፉ።

4. ማሞቂያውን ወደ ሙቅ አድርገው ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቁ። ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከመጣ በመስመሩ ውስጥ አየር ቀርቷል። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ።

5. የስህተት ማንበቢያውን ሰክተው የተመዘገበውን ሁሉ ይጻፉ፣ ይሰርዙ፣ እንደገና ያስነሱ። የሚመለሱት ብቻ እውነተኛ ችግሮች ናቸው።

ደረጃ 11፦ ቦዲና መስታወት

ይህን ክፍል ወደ ኋላ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። በኤሌክትሪክ ብየዳ ከመበየድዎ በፊት ባትሪውንና የኮምፒውተሩን ሶኬት ይፍቱ፣ የብየዳውን ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይሰሩ፣ በሰርባቶዮ አካባቢም አይበይዱ። በሙጫ የሚያያዝ መስታወት ሲተኩ የፍሬሙን ዝገት እስከ ንጹሕ ብረት ይፍቁና ፀረ ዝገት ይቀቡ፤ በዝገት ላይ የተለጠፈ መስታወት ከዝገቱ ጋር ይለቃል። ሙጫው በተጻፈበት ሰዓት ልክ እስኪደርቅ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። ቀለሙን የመጨረሻ ያድርጉት።

ደረጃ 12፦ የመንገድ ሙከራ

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ፍሬኑን አሥር ጊዜ ይያዙ። ቀጥሎ ሰው በሌለበት መንገድ እስከ 40 ኪሎሜትር በሰዓት ይሂዱና መሪውን ላላ አድርገው ይያዙ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ የጎማ ንፋስና የፍሬን መያዝ ይፈትሹ፤ እነዚህ ደህና ከሆኑ የጎማ አሰላለፍ ያስለኩ።

ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ በልል አፈር ወይም በጠጠር ላይ ይሞክሩ። መሃል ላይ ዲፈረንሻል የሌለው መኪና ከሆነ በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱ ጎማ አያጠማዙ፤ ስርዓቱ ተወጥሮ ይቆለፋል። ተቆልፎ ማርሹ ከከበደ ቀጥ ብለው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱና ያውጡት።

ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ የጎማ ዳዶዎችን፣ የትራስሚሲዮን ቡሎኖችንና የባልስትራ ማሰሪያዎችን በመለኪያ መፍቻ እንደገና ያጥብቁ። በ1000 ኪሎሜትር የሞተሩን፣ የትራንስፈሩንና የሁለቱን ዲፈረንሻሎች ዘይት በጥቂቱ ቀድተው ቀለሙን ይመልከቱ። ዲፈረንሻሉ አሁንም ነጥቶ ካገኙት ውሃው የሚገባው በዘይት መያዣ ጎማው በኩል ነውና የአክሱሉን ዘንግ አውጥተው ጎማውን ይለውጡ።